አማርኛዬን ይዤ ከኤድመንተን እስከ ሼፈርድስ ቡሽ

ኤድመንተን፣ ቅዳሜ ንጋት

ከቤት ስወጣ ሰፈሩ ገና አልነቃም። ከመጋዘኖቹ በኩል የመጣ ጭጋግ መንገዱን ውጦታል፤ የመንገድ መብራቶቹ ውሃ ውስጥ የበሩ ይመስላሉ። ሌላ ቅዳሜ ቢሆን ይህ የእንቅልፌ ሰዓት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ከነዚያ መጋዘኖች በአንዱ ውስጥ ቆሜ ዕቃ ሳሽግ ነው የምከርመው። ዛሬ ግን ለንደንን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጬ ኬኒንግተን መድረስ አለብኝ። የቋንቋ አስተማሪዎች ተሰብስበው፣ ክፍላቸው ውስጥ የሠራላቸውንና ያልሠራላቸውን የሚጨዋወቱበት ዝግጅት አለ።

አዲስ አበባ እያለሁ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው ወደዚህ የመጣሁት። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሼፈርድስ ቡሽ፣ ወላጆች በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ፣ እዚሁ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደክሞኛል። ልጆቹ እየቀነሱ ነው። የቀሩትም ፊደሉን አብረውኝ ይጮሁና፣ ለእረፍት ሲወጡ ገና በሩን ሳያልፉ ወደ እንግሊዝኛቸው ይመለሳሉ። ሊዲያ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅማ ዊንተሩን ሙሉ ከአፏ አንድ ቃል አልወጣም።

ትናንት ማታ እናቷ ሂሩት ቴክስት አደረገችልኝ። "ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሊዲያ አልሆነላትም፤ ቅዳሜን ስዊሚንግ ላስገባት ነው። ነገ የመጨረሻዋ ነው።" አንብቤ ስልኩን ገለበጥኩት። እንግዲያው የእኔም የመጨረሻዬ ይሁን አልኩ። ከክፍል በኋላ ለወላጆቹ ሁሉ በቃኝ ልላቸው ቆረጥኩ። ስልኩን መልሼ አነሳሁና ለሂሩት "ነገ ከክፍል በኋላ ለወላጆች የምነግረው ነገር አለኝ" ብዬ ጻፍኩላት። የኬኒንግተኑን ደግሞ፣ አንዴ እመጣለሁ ብያለሁና፣ ሄጄ ልየው።

ባቡር ላይ

መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል። በእጄ ጠረግ ሳደርገው የቤት ጀርባዎች ያልፋሉ፤ ገመድ ላይ ያደረ ልብስ፣ ዝናብ የሞላው የልጅ መኪና፣ መብራት የበራበት አንድ ወጥ ቤት። ከኋላዬ አንዲት ሴት በቱርክኛ ስልክ ታወራለች፤ ከፊቴ ሁለት የቀን ሠራተኞች የማላውቀውን ቋንቋ በሹክሹክታ ይለዋወጣሉ። ዓይኔ ክድን አለ። የድሮው ክፍሌ ውስጥ ነኝ፤ ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ የእንግሊዝኛ ግስ ያወርዱልኛል። ቀረብ ብዬ ሳዳምጣቸው ግን የሚሉት እንግሊዝኛ አይደለም፤ ቱርክኛ ነው። አልገረመኝም። "ጎበዞች" አልኳቸው።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። "እዚህ ነው የሚቀየረው፣ ወራጅ ነሽ?" ቦርሳዬን አፈፍ አድርጌ ወረድኩ።

ኬኒንግተን፣ ረፋዱ ላይ

ቦታው በቀይ ጡብ ፎቆች መሃል ያለ አንድ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነው። በሩ ላይ "የውጭ ቋንቋ መምህራን" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቆም ብዬ አየሁት። አማርኛ የውጭ ቋንቋ! ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ እንዲህ ተብሎ ሲጠራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቅር አለኝ።

ውስጡ ይሞቃል። በወረቀት ኩባያ ሻይ፣ በሰሃን ብስኩት፣ ክብ ሆኖ የተደረደረ ወንበር። አንዷ የፖላንድኛ መምህርት ልጆቿን ዓይናቸውን አስጨፍና ከከረጢት ውስጥ ዕቃ እያስወጣች ታስጠራቸዋለች። ነጭ ፂም ያላቸው የቤንጋሊ መምህር ደግሞ ተማሪዎቻቸውን ገበያ ወስደው በቤንጋሊ የዓሣ ዋጋ ያከራክሯቸዋል። ድምፆቹ ከሻይው እንፋሎት ጋር እየተቀላቀሉ ወደ ጣሪያው የሚወጡ መሰለኝ፤ ማን የትኛውን ቋንቋ እንደሚያስተምር መለየት አቃተኝ፤ ሁሉም ስለ አንድ ክፍል የሚያወሩ ይመስላል።

አጠገቤ ሉርዴስ የምትባል የፖርቱጋልኛ መምህርት ተቀምጣለች፤ አጭር፣ ሳቂታ፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች። ተራዬ ሲደርስ "እኔ የማካፍለው ነገር የለኝም፤ ልጆቼ አይናገሩም" አልኩ።

"ቤታቸው በቋንቋሽ ምን ይሰማሉ?" አለችኝ ሉርዴስ።

አሰብኩ። እየተረጎምኩ ነገርኳት። ነይ። ብዪ። ጫማሽን አውልቂ። ፍጠኚ። ዝም በይ። ስሰማው የተናገርኩት ሁሉ ትዕዛዝ ነው።

"የእኔዎቹም ያው ናቸው" አለች። "ሲታዘዙ ነው ያደጉት። ታዲያ አንድ ቀን እነሱ ይዘዙሽ፤ እስቲ እኛ ላይ ሞክሪው።"

አስነሳችኝ። "ተነሺ"ንና "ዝለዪ"ን አስጠናኋቸው፤ ክፍሉ ሙሉ አስተማሪ በተሰባበረ አማርኛ አዘዘኝ፣ እኔም ዘለልኩ። ሽማግሌው የቤንጋሊ መምህር ግን እጃቸውን አነሱ።

"ለሚከበር ሰው የሚባለው ሌላ አይደለም?" ብለው ጠየቁኝ። "በእኛ ቋንቋ ለመምህር እንዲህ አይባልም።"

"በእኛም አይባልም" አልኳቸው። "ይነሱ ነው የሚባለው።"

ቀስ ብለው ቆሙ። "ይነሱ" አሉኝ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው። ለስንት ዓመት እንዲህ ያለኝ ባዕድ አልነበረም።

ሼፈርድስ ቡሽ፣ ከሰዓት በኋላ

ከባቡር ወርጄ በገበያው መሃል አለፍኩ። ፕላንቴን የሚሉት ትልልቅ ሙዝ፣ የደረቀ ዓሣ፣ አበባ አበባ ጨርቅ፣ "ማንጎ አንድ ሳህን በፓውንድ!" የሚል ጩኸት። እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም።

አዳራሹ ውስጥ ሂሩት ኮቷን ሳታወልቅ ከኋላ ተቀምጣለች። ሊዲያ እንደ ወትሮው ጥግ ላይ ናት።

"ዛሬ አዛዦቹ እናንተ ናችሁ" አልኩ። "ያላችሁኝን አደርጋለሁ። በእንግሊዝኛ ካዘዛችሁኝ ግን አልሰማም።"

"ሲሪየስሊ?" አለ ዮናታን። ከዚያ ቆም ብሎ አሰበና "ቲቸር፣ ዝለዪ!" ዘለልኩ። ሳቁ አዳራሹን ሞላው።

"ዮናታን! ቲቸርን አንቺ ይባላል እንዴ?" አለች ሂሩት ከኋላ።

"ይዝለሉ በለኝ" አልኩት። ሌላ ማስረዳት አላስፈለገም። ይዝለሉ! ይሩጡ! ጫማዎን ያውልቁ! በካልሲዬ አዳራሹን ዞርኩት፤ ላብ አጠመቀኝ። ሲጮሁ እንግሊዝኛው የት እንደገባ አላውቅም።

ያን ጊዜ ሊዲያ ከጥጓ ተነሳች። ሁሉም ዞሮ አያት።

"ዝም ይበሉ" አለችኝ።

የሂሩት ፊት ሲለዋወጥ አየሁ፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ አውቃለች። እኔ እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። ሊዲያ ወደ ሰሌዳው ሄዳ እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ ቆመች። "ዮናታን፣ ና። እዚህ ቁጭ በል። ማርታ፣ ነይ። አንቺ እዚህ።" "ና"ንና "ነይ"ን ለማስለየት ስንት ቅዳሜ እንደታገልኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ እሷ አንዱንም አልሳተችም። ክፍሉን ሁሉ አንድ በአንድ ጠርታ አስቀመጠች። በመጨረሻ እኔን አየችኝ፣ ባዶ ወንበር ጠቆመችኝ። "ይቀመጡ።" ተቀመጥኩ።

ሂሩት ኮቷን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አጥፋ ይዛዋለች። "ታውቅ ነበር እኮ" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። "ሁሉንም ታውቅ ነበር።"

ፌርማታው ጋ፣ ሲመሽ

ሦስታችንም አንድ አውቶቡስ እየጠበቅን ነው። ካፊያው የሱቆቹን መብራት አስፋልቱ ላይ አቅልጦታል፤ ሰዉ በቀይና በአረንጓዴ ላይ እየተራመደ ያልፋል። ካልሲዬ እርጥብ ነው፤ ደስ ይላል።

"ቲቸር፣ ለወላጆች የሚነግሩን ነገር አለ ብለውኝ ነበር" አለች ሂሩት።

"አዎ" አልኳት። "ቅዳሜ ሰዓት አክብራችሁ አምጧቸው ነው።"

ሂሩት አንገቷን ደፋች። "ስዊሚንጉን እሑድ ይኖራቸው እንደሆነ ቼክ አደርጋለሁ" አለች ቀስ ብላ።

ሊዲያ አልሰማችንም። ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆማ፣ ከሩቅ በዝናቡ ውስጥ የሚያበራውን ቀዩን ባለ ፎቅ አውቶቡስ እያየች ነበር። እጇን ዘረጋችለት።

"ይምጡ!" አለችው።

መጣ።