በየቀኑ አንድ ገጽ

እህቴን ይቅር በያት የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ እጇን አላዩም። የልጄን እጅ ማለቴ ነው።

አምስት ዓመቷ ላይ ከደረጃ ወድቃ ቀኝ እጇ ተሰበረ። ወጌሻ ጋ ወሰድናት፤ አጥብቆ አሰረው፤ ሲፈታ ጣቶቿ አልታዘዝ አሉ። ሆስፒታል የጣት እንቅስቃሴ የምታሠራው ባለሙያ ግን ተስፋ ሰጠችኝ። «ልጅ ስለሆነች ይመለሳል፤ ግን አሁኑኑ ነው» አለች። ሊጥ ታድቦልቡል፣ ባቄላ በሁለት ጣት ትልቀም፣ ከዚያ እርሳስ ይዛ በየቀኑ አንድ ገጽ ፊደል ትጻፍ። በቀኟ! «ያማታል፣ ታለቅሳለች። ብታለቅስም እንዳትለቋት።» ይህን ስትል እህቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ በእሺታ ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ክር ክፍል ነው የምሠራው። ፈረቃው እየተቀያየረብኝ ከደሴ መመላለስ ስላቃተኝ እዚያው ቤት ተከራይቼ፣ ልጄን ደሴ እህቴ ዘንድ ትቼ፣ እሁድ እሁድ እየመጣሁ አያት ነበር። ታላቄ ናት፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ እኔንም ያሳደገችኝ እሷው ናት። ከእሷ ሌላ ማንን ልመን? «እትዬ፣ አደራሽን» አልኳት። «ወላሂ፣ እንደ ዐይኔ ብሌን ነው የማያት» አለችኝ።

በየቀኑ የደብተሩን ፎቶ በስልክ ትልክልኛለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሀ ጋድሟል፣ ለ እግሩ ተንሻፏል። ከዚያ እየቀና፣ እየቀና ሄደ። በወሩ መ ሙ ሚ ተደርድረው መስመሩ ላይ ቁጭ! ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኞቼን እየዞርኩ «እዩልኝ እስቲ! ይሄ የተሰበረ እጅ ጽሑፍ ነው?» እላለሁ። እሁድ ስመጣ እህቴ «ዛሬስ ትረፍ፤ ሳምንቱን ሙሉ ስትለፋ ከርማለች» ትለኛለች። እውነቷን ነው ብዬ ደብተሩን አስቀምጣለሁ። ስንበላም ናፍቆቴን ልወጣ ብዬ እኔው ነኝ የማጎርሳት። ሞኝ!

ሦስተኛው ወር ላይ የሆስፒታሉ ቀጠሮ ደረሰ። እህቴ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። ፈቃድ ወስጄ፣ ደብተሩን እንደ ዲፕሎማ ታቅፌ፣ ልጄን ይዤ ገባሁ። ባለሙያዋ ወረቀት አስቀመጠችላትና «እስቲ ሀን ጻፊልኝ» አለቻት። ልጄ እርሳሱን በግራ እጇ ብድግ አድርጋ ሀ ሁ ሂ፣ ቅልብጭ አድርጋ ጻፈችው። ሳቄ መጣ።

«በሱ አይደለም የኔ እመቤት፣ በቀኝሽ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አክስቴ ካመመሽ በግራሽ ጻፊ ብላኛለች። ለእማዬ እንዳትነግሪያትም ብላኛለች።»

ባለሙያዋ እርሳሱን ቀኝ እጇ ውስጥ አኖረችው። ጣቶቿ አልጨበጡትም፤ ወለሉ ላይ ወደቀ። ለካ ሊጡም ባቄላውም ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቀርቶ ኖሯል። «ሦስት ወር ባክኗል» አለች ባለሙያዋ። «አሁን ምን ያህሉ እንደሚመለስ እርግጠኛ ሆኜ አልነግርሽም።»

እህቴ ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

«አለቀሰችብኝ» አለችኝ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። «ያቺ ሕፃን ስትንሰቀሰቅ አንጀቴ አልችል አለ። ደግሞስ መጻፉን ጽፋልሻለች አይደል?»

ጽፋልሻለች! ለኔ ነው እንዴ የምትጽፈው? አልቻልኩም ብትለኝ ሥራዬን ጥዬ እመጣ ነበር። በየቀኑ ፎቶ እየላከች፣ በየቀኑ እሰይ እያስባለችኝ! ባዕድ ቢያደርገው ምን ይገርመኝ ነበር። እሷ፣ ያሳደገችኝ እህቴ፣ ልጄን በገዛ እናቷ ላይ ምስጢር አስያዘቻት። የልጄን ልብስ ሰብስቤ፣ እሷንም ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

አሁን ሥራ ላይ ስሆን ጎረቤቴ ትይዝልኛለች፤ ስመለስ ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ሊጡን ትጨብጣለች፣ ባቄላውን ትለቅማለች፣ ታለቅሳለች። አንጀቴ እያረረ አልለቃትም። አዛኟ እህቴ ሆነች፣ ጨካኟ እኔ! ንዴቴ የሚብሰው ያኔ ነው፤ አልዋሽም፣ የምጠላትም ያኔ ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጄ እርሳሱን በቀኟ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ አንዲት ጠማማ ሀ ጻፈች። «እሰይ የኔ ጀግና!» ብዬ ላቅፋት ስል ሸሸት አለች።

«ይኸው ጻፍኩልሽ» አለችኝ። «አሁን ወደ አክስቴ ትመልሺኛለሽ?»