በጾም ቀን የፈሰሰው ሽሮ

ሰቆጣ ውስጥ አዲሱ የምግብ አዳራሽ ሲከፈት ሥራ አስኪያጁ እኔ ነበርኩ። ይህን የምናገረው ለኩራት አይደለም። በዚያ አዳራሽ፣ በተከፈተበት ቀን፣ ያሳደገችኝን አክስቴን በሰው ፊት አላውቃትም ብያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ አዳራሹ ማማር ሲያወራልኝ ቶሎ ወሬ አስቀይራለሁ።

ሕንፃው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ምድር ቤቱ መጀመሪያ የሱቆች ረድፍ ነበር፤ ጨርቅ፣ ጫማ፣ ስልክ፣ የቤት ዕቃ ይሸጥበት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግማሾቹ ነጋዴዎች ሳይመለሱ ቀሩ፤ የተመለሱትንም ገበያው አልቀናቸውም። ሱቆቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ በሌላ ከተማ የሚኖረው የሕንፃው ባለቤት መሃል ያሉትን ግድግዳዎች አስፈረሰና አንድ ሰፊ አዳራሽ አደረገው። ዙሪያውን የምግብ መሸጫዎች ተደረደሩ፤ አንዱ ጥብስ፣ አንዱ ሽሮና በያይነቱ፣ አንዱ ከተከዜ የሚመጣ ዓሣ። ጥግ ላይ፣ በመስታወት ጀርባ፣ የሚያብረቀርቁ የብረት ጋኖች ተተከሉና ቢራ እዚያው መጠመቅ ጀመረ። የከተማው ሰው ገና ሳይከፈት እየመጣ ግንባሩን በመስታወቱ ላይ ለጥፎ ያይ ነበር።

ባለቤቱ ሲቀጥረኝ ሁለት ነገር አዘዘኝ። አንደኛው፣ "ጎበዝ ጠላ ጠማቂ ፈልግልኝ፤ ከቢራው አጠገብ ትሁን፤ እንግዳ ይወደዋል" የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ "ዘመድ አዝማድ እንዳትሰበስብብኝ" የሚል ነው።

ጎበዝ ጠላ ጠማቂ ሲባል ከአክስቴ ሌላ ማን ሊታየኝ ይችላል? የእናቴ ታናሽ ናት። እናቴ ስትሞት ገና አራት ዓመቴ ነበር። ከገጠር፣ ከፃግብጂ፣ ወደ ሰቆጣ አምጥታ፣ ጠላ እየሸጠች አሳደገችኝ፤ እሷው አስተማረችኝ። እኔም እታለም እያልኩ አደግሁ። ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በአገራችን በዋግ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ነበር። አማርኛን እኔ ከትምህርት ቤት፣ እሷ ከጠጪዎቿ ተማርነው። የእሷ እስከ ዛሬ ይሰባበራል። እኔ ግን ኮሌጅ ሳለሁ አንድ ቃል አጣምሜ ተናግሬ ክፍሉ በሙሉ ከሳቀብኝ ጀምሮ አነጋገሬን አረምኩ። ኽምጥኛንም ለቤት ብቻ ተውኩት።

እሷን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

"እኔ እዚያ መስታወት መሃል ምን እሠራለሁ?" አለችኝ።

"ጠላሽን ነው የሚፈልጉት።"

"ደንበኞቼስ?"

"እዚያው ድረስ ይመጡልሻል፤ እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል?"

በመጨረሻ፣ በእኔ ቃል፣ ጠላ መኖሩን ለመንገደኛ የሚናገረውን ጣሳ ከደጇ ላይ አወረደች። ስንት ዘመን የኖረ ቤት በአንድ ቀን ተዘጋ።

ባለቤቱ ሥራውን ሊያይ ሲመጣ ጠላዋን ቀምሶ ተደነቀ። "ይህችን ሴትዮ የት አገኘሃት? ዘመድህ ናት እንዴ?" አለኝ። "አይ፣ ሰፈራችን ጠላ የምትሸጥ ሴት ናት" አልኩት። ይህን ለአክስቴ ስነግራት ሳቀች። "እንጀራህ ነው። ከጠየቁኝ እኔም አላውቀውም እላለሁ" አለችኝ። እኔም በዚህ ልቤን አሳረፍኩ። እሷ ግን የፈቀደችልኝ ያቺን ትንሽ ውሸት ብቻ ነበር።

የመክፈቻው ቀን ረቡዕ ዋለ። የከተማው ሹማምንትና ከባሕር ዳር የመጡ የባለቤቱ ወዳጆች ተጠርተዋል። አዳራሹን እንዲባርኩም ካህናት ጠርተናል። ከካህናቱ ፊት የሚቀድሙት ቅስናም ያላቸው አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ፤ ልጅ ሳለሁ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ዓሣ ይጾማል፣ አይጾምም የሚል ክርክር ጠዋት ሠራተኞቹ መሃል ተነሥቶ ስለነበር የዓሣ መሸጫውን በጨርቅ አስሸፈንኩት። ሽሮ ሁለት ዓይነት ተሠራ፤ ለካህናቱና ለጿሚው የጾም፣ ለማይጾሙት እንግዶች ደግሞ ቅቤ የገባበት።

ቅዳሴ ወጥቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ካህናቱ መጡ። ጸሎት አድርሰው ጠበል ረጩና ተቀመጡ። አስተናጋጆች ሽሮውን በትልቅ የሸክላ ድስት እንደፈላ አምጥተው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡት፤ ክዳኑም ተከፈተ። እኔ ጥቂት ራቅ ብዬ፣ ባለቤቱንና ሁለት እንግዶቹን ይዤ፣ ቢራው እንዴት እንደሚጠመቅ አስረዳ ነበር። አክስቴ ጆግ ይዛ ለካህናቱ ጠላ እየቀዳች ነበር።

በድንገት ጆጉን አስቀምጣ ወደ እኔ መጣች። እጄን ያዘችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በኽምጥኛ ፈጠን ፈጠን ብላ ተናገረችኝ።

የመጀመሪያው ቃል "ልጄ" የሚል ነበር። እሱን ስሰማ ነው የደነገጥኩት። የቀረውን አላዳመጥኩም፤ ዓይኔ ባለቤቱ ፊት ላይ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ፈገግ ብሎ፣ "ምን እያለችህ ነው?" ሲል ጠየቀኝ።

"እንጃ፤ ቋንቋቸውን አላውቀውም" አልኩ።

ከዚያ እጄን ከእጇ አወጣሁና፣ "እማማ፣ በአማርኛ ይናገሩ፤ አልገባኝም" አልኳት።

በሕይወቴ አንቱ ብያት አላውቅም። እንግዶቹ ለታላቅ ሰው ያሳየሁት ክብር መስሏቸው ሊሆን ይችላል። እሷ ግን ፊቷ ልክ እንደተመታ ሰው ሆነ። አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ዞር ብላ የካህናቱን ጠረጴዛ አየች። መሪጌታው እጃቸውን ታጥበው ማዕዱን ሊባርኩ መስቀላቸውን እያወጡ ነበር።

ወደዚያው ሄደች። በነጠላዋ ጫፍ ድስቱን ግራና ቀኝ ያዘችና፣ "ላስጠጋላችሁ፣ አባቶቼ" ብላ ከጠረጴዛው ላይ አነሣችው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደችና ለቀቀችው።

ድስቱ ነጩ የወለል ንጣፍ ላይ ተፈረካከሰ። ሽሮው የአንዱን እንግዳ ጫማ፣ የጠረጴዛውን ልብስ፣ ከሁሉም በላይ የእሷን እግር ሸፈነው።  እኔ እየሮጥኩ ደረስኩ።

"ማን አዘዘዎት? የእርስዎ ሥራ ጠላ መቅዳት አይደለም እንዴ? ይውጡልን ከዚህ!" አልኳት፤ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

"ኧረ እግሯ ተቃጥሏል፤ ውሃ አፍስሱላት!" አሉ መሪጌታው። አንዲት አስተናጋጅ ውሃ ይዛ ሮጠች። እኔ እግሯን አይቻለሁ። አይቼ፣ ፊቴን ወደ ባለቤቱ አዙሬ፣ "ወዲያው እናጸዳዋለን" ነው ያልኩት። አክስቴ እያነከሰች በጓሮው በር ወጣች።

ለካህናቱ ምስርና ድንች ወጥ አቀረብን። ባለቤቱም ሲሰናበተኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "ነገሩን በቶሎ አስተካከልከው፤ ጎበዝ" አለኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ደስ አለኝ።

እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ወጥ ሠሪዋ ከጓዳ እየተጣራች መጣች። እጇን ራሷ ላይ አድርጋለች። "የጾሙ ድስት እንዳለ ጓዳ ተቀምጧል! ለካህናቱ የቱን ነው ያወጣችሁት?" አለች። ሁለቱ ድስቶች አንድ ዓይነት ነበሩ። ወለሉ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ገና ካልተወለወለው ሽሮ በጣቴ ነካ አድርጌ አሸተትኩት። ቅቤ ነው፤ ያውም በደንብ የተነጠረ።

አላዳመጥኩትም ያልኩት የአክስቴ ንግግር ያኔ ቃል በቃል መጣልኝ። ለካስ ሁሉንም ሰምቼዋለሁ። "ልጄ፣ ወጡ ቅቤ አለበት፤ ሳይባርኩት ቶሎ አስነሣው" ነበር ያለችኝ። በኽምጥኛ የነገረችኝ አጠገቤ ለቆሙት እንዳይገባቸው ብላ ነው። በአማርኛ ይናገሩ ስላት፣ በአማርኛ ብትናገረው በካህናትና በሹማምንት ፊት የምዋረደው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ድስቱን ጣለችው።

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ካህናቱ አልቀመሱትም፤ ባለቤቱ አላወቀም። ኀፍረቱ የመጣው ከእፎይታው በኋላ ነው፤ መጥቶም ወደ ቤቷ አልወሰደኝም። እንዲያውም አስቀረኝ። ምን ብዬ ፊቷን አያለሁ? በሦስተኛው ቀን በአስተናጋጇ እጅ የቃጠሎ ቅባትና ሁለት ኪሎ ስኳር ላክሁ። ቅባቱን ተቀብላ ስኳሩን መለሰችው። ባለቤቱ ስልክ ደውሎ ጠላ ጠማቂዋ የት እንደሄደች ሲጠይቀኝ፣ "በራሷ ፈቃድ ተወችው" አልኩት። የእሷ ቦታ ላይ ሌላ የድራፍት መቅጃ ተተከለ።

እንዲህ እያልኩ ከአንድ ወር በላይ ሆነኝ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ መሪጌታውን በሩ ጋ አገኘኋቸው። መስቀል ልሳለም ጎንበስ ስል እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

"አክስትህ እንዴት ናት?"

 ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅቤውንም ጭምር።

"የቅቤውን እኔም ድስቱ ሲፈስ ጠርጥሬ ነበር፤ አፍንጫዬ ገና አላረጀም" አሉኝ። "ሳናውቅ ብንበላው ንስሐ አለው። የአንተው ግን እያወቅህ ነው።"

"ሽማግሌ ልላክባት፣ አባቴ?"

"ሽማግሌ ምን ያደርግልሃል? ያዋረድካት ብቻህን ነው። ብቻህን ሂድ።"

ቤቷ ሄድኩ፤ ተዘግቷል። ጎረቤቶቿ ፃግብጂ ወንድሟ ዘንድ እንደሄደች ነገሩኝ። በማግስቱ በሚኒባስ ከዚያም በእግር ወጣሁ። ስደርስ ደጅ ላይ ተቀምጣ ገብስ ታበጥር ነበር። የቀኝ እግሯ ላይ ጠባሳው ከጣቶቿ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ሮዝ ሆኖ ይታያል። የላስቲክ ጫማዋን እንዳይነካት ከላይ ቀድዳዋለች።

አየችኝና ሰፌዱን አስቀመጠች። "ይግቡ" አለችኝ፣ በአማርኛ።

"እታለም፣ እኔ ነኝ" አልኳት በኽምጥኛ።

"አውቄዎታለሁ። ይቀመጡ።"

እግሯ ላይ ወደቅሁ። ለመናገር ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። በእጇ ራሴን ገፋ አደረገችኝ።

"ተነሣ፤ የታመመው እግሬ ላይ ነህ" አለችኝ።

ተነሣሁ። አንተ ማለቷን ስሰማ ትንሽ ነፍስ ዘራሁ።

"ይቅር ብዬሃለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ" አለችኝ። "የእግሬ አልቆጨኝም። ይውጡ ስትለኝም፣ ደንግጦ ነው አልኩ። እማማ ያልከኝን ግን ምን ላድርገው? እማማ የሚባል እኮ መንገድ ላይ ያለ ሰው ነው።"

 ገብስ አብጥራ ስትጨርስ አብሬያት ቆየሁና፣ የወንድሟ ሚስት ምሳ አቅርባልኝ በልቼ ተመለስኩ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ በአማርኛ ነበር፤ እኔ በኽምጥኛ ስጠይቃት እሷ በአማርኛ እየመለሰች።

ሰቆጣ ስደርስ ለባለቤቱ ደወልኩ። ሴትዮዋ አክስቴ መሆኗን፣ ያሳደገችኝ እሷ መሆኗን፣ ድስቱን ለምን እንደጣለችው ነገርኩት። ያባርረኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ሳቀ። "ዘመድ አትሰብስብ አልኩህ እንጂ አክስትህን ካድ አልኩህ እንዴ?" አለኝ። "ይልቅ መልሳት።" ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ያደረግኩት ማንም ላልጠየቀኝ ነገር ነበር ማለት ነው።

አክስቴ አዳራሹ አልተመለሰችም። መከር ከገባ በኋላ ወደ ቤቷ መጥታ ጠላዋን ጀመረች። ጣሳውን እንድሰቅልላት እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ሄጄ ሳየው ተሰቅሏል። ከቀድሞ ደንበኞቿ ሽማግሌዎቹ ተመልሰዋል። ወጣቶቹ እኔ ጋ ናቸው፤ ድራፍት ለምደዋል።

እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ከጠጪዎቹ ጋር አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፤ ማንም ቢኖር፣ ሹምም ቢሆን፣ ጮክ ብዬ በኽምጥኛ አወራታለሁ። እሷ ለሌላው በኽምጥኛ፣ ለእኔ በአማርኛ ትመልሳለች። ተቆጥታ አይደለም፤ ታጎርሰኛለች፣ ሳል ሲይዘኝ ትጨነቅልኛለች። ግን በአማርኛ ነው። አንዴ ለምን ብዬ ጠየቅኋት። "ምላሴ ለመደው" አለችኝና ጠላ ልትቀዳ ሄደች።

ባለፈው እሑድ፣ ልጅ ሳለሁ እንደምታዘኝ፣ ለጋን ማጠቢያ ውሃ እንዳመጣላት አዘዘችኝ፤ በአማርኛ። ሁለት ጀሪካን ይዤ ወደ ሰፈሩ ቧንቧ ወረድኩ። ቧንቧው ጋ ሰልፍ ነበር፤ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ተራዬን ጠበቅሁ።