መጽሐፉ ላይ የሌለው ገንፎ

ኤልፍነሽ ኩራተኛ ነበረች። ይህን ማንም ፊት ለፊት ቢነግራት «ታዲያስ!» ብላ አንገቷን ቀና ከማድረግ በቀር ቅር አይላትም። ሞጣ ከተማ ሦስተኛ ክፍል ስታስተምር ኮርታለች፤ ገዳሪፍ ተሰዳ የሰው ልብስ እያጠበች ስትኖርም ኮርታለች። በፈረንጆቹ 1985 አትላንታ መጥታ፣ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ከማሽን ወደ ማሽን ስታዘዋውርም ኩራቷ አልተለያትም። የዚያን ዓመት ግን የተለየ ምክንያት ነበራት፤ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ እያነበበች ነበር።

መጽሐፉን የመረጠችው በሽፋኑ ነው። በሰፈሯ በኖርክሮስ ካለው ቤተ መጻሕፍት ስትገባ፣ በመስኮቱ ከዋክብት የሚታዩበት ማድ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ድስት ስታማስል የሚያሳይ ሥዕል አየች። «ጠፈር ላይ ደግሞ ምን ዓይነት ወጥ ይሠራል?» አለችና ይዛው ወጣች። ታሪኩ ምድርን ትተው በአንድ ትልቅ መንኮራኩር ውስጥ ስለሚኖሩ ሰባት ቤተሰቦች ነው። በምሳ እረፍቷ መዝገበ ቃላት አጠገቧ አድርጋ ታነባለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ያነበበችውን ቤቷ ለሚሰበሰቡት ጎረቤቶች በአማርኛ ትተርካለች።

ከአድማጮቹ መካከል ጋሽ ኃይለማርያም ነበሩ፤ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ላይ «ደግሞ ብለን ብለን የፈረንጅ ተረት!» ብለው ሲያጣጥሉ ነበር፤ ኋላ ግን ከሁሉም ቀድመው እየመጡ ደህናውን ወንበር መያዝ ጀመሩ። ቴሌቪዥን ጥገና የሚማረው ቶሎሳ አለ፤ እሱ ካልተከራከረ ሻይ አይወርድለትም። ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ትዕግስት ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ መውለጃዋ ተቃርቧል። ባሏ ሳሙኤል ትራክ ነጂ በመሆኑ ከቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው።

ክርክሩ ለጉድ ነበር።

«እነዚህ ሰዎች ጾም ሲገባ በምን ያውቃሉ?» ይላሉ ጋሽ ኃይለማርያም። «ፀሐዩንም ጨረቃውንም ወደ ኋላ ትተውት ሄደዋል።»

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር አላቸው እኮ! ካላንደሩን ቼክ ያደርጋሉ» ይላል ቶሎሳ።

«ኮምፒውተር ባሕረ ሐሳብ ያውቃል?»

ትዕግስት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ኤልፍነሽ ግን ሁሉም እስኪጨርስ ትጠብቅና፣ ክፍል ውስጥ ታደርግ እንደነበረው ጠረጴዛውን በጣቷ ታንኳኳለች። «እኔ ሰውዬው የጻፈውን ነው የማወራው። አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

ቶሎሳ ይህን አባባሏን ለማጣራት የመጽሐፉን ሌላ ቅጂ ተውሶ መጣ። እሷ ስትተርክ ጭኑ ላይ ገልጦ በጣቱ እየተከተለ፣ ስህተት ሲፈልግ ከረመ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሁሉም በተሰበሰበበት ተነስቶ፣ «እትዬ፣ ሶሪ፣ ተሸንፌያለሁ። ቻፕተሩን በሙሉ ቼክ አደረግኩት፤ አንድም የተዛነፈ ነገር የለም!» አላት። ኤልፍነሽ ያን ቀን ከማጠቢያ ክፍል ይዛው የመጣችው የወገብ ሕመም እንኳ ለቀቃት። ስታስተምር የነበረችው ሴት አልጠፋችም ማለት ነው፤ ይኸው በፈረንጅ መጽሐፍ ተፈትና አለፈች።

ቀጥሎ የወሊዱ ምዕራፍ መጣ። በምሳ እረፍቷ ስታነበው ደስ አላላትም። በመንኮራኩሩ ሕግ መሠረት፣ በሽታ እንዳይዛመት ተብሎ፣ ምጥ የያዛት ሴት በር ይቆለፍባታል። የሚያዋልዳት ማሽን ነው። ሌሎቹ ቤተሰቦች በየክፍላቸው ተቀምጠው በስክሪን «እንኳን ደስ አለሽ» ይልኩላታል። ደራሲው ደግሞ ይህን ሁሉ የጻፈው እንደ ትልቅ ሥልጣኔ እያደነቀ ነው።

ከጥቂት ቀናት በፊት ትዕግስት ደረጃው ላይ አግኝታት ነበር። «እትዬ፣ ሳሚ መንገድ ላይ እያለ ምጡ ቢመጣብኝስ?» ብላ ጠየቀቻትና መልሷን ሳትጠብቅ፣ «ግዴለም፣ ታክሲ ጠርቼ ብቻዬን እሄዳለሁ። ሁሉም ሥራ አለበት፣ ሰው ማስቸገር አልወድም» አለች። ኤልፍነሽ በቁጣ «ምን ማለትሽ ነው! እኔ እያለሁልሽ!» ብትላትም፣ ልጅቷ ፈገግ ብላ ወደ ላይ ወጣች። ነገሩን እንዳላመነቻት ያስታውቅ ነበር።

ቅዳሜ ኤልፍነሽ ታሪኩን ምጡ እስኪመጣ ድረስ እንዳለ ተረከች። በሩ መቆለፉ ጋ ስትደርስ ትዕግስት ነጠላዋን ወደ ሆዷ ሰብሰብ አድርጋ፣ «ከዚያስ? ማን አብሯት አለ?» ብላ ጠየቀች። ድምጿ ስለ መጽሐፍ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ቶሎሳ መጽሐፉን ገልጦ ተቀምጧል፤ ጣቱ መስመሩ ላይ ነው። ኤልፍነሽ አየችው። ከዚህ በኋላ አንዲት ቃል ብትጨምር ስሟ እንደሚጠፋ ታውቃለች።

«በሩ ተንኳኳ» አለች።

ጎረቤቶቹ ሕጉን ጥሰው፣ መቆለፊያውን ሰብረው ገቡ። አንዷ ወገቧን ያዘችላት፤ አንዷ ላቧን ጠረገችላት፤ ወንዶቹ ደጅ ቆመው ጸለዩ። ሕፃኑ ሲወለድ እልልታው መንኮራኩሩን አናወጠው። ከዚያ ገንፎ መጣ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ጋሽ ኃይለማርያም። «እዚያ ሁሉም ነገር ይንሳፈፋል ብለሽ አልነበረም? ቅቤው መሃሉ ላይ እንዴት ይቆማል?»

«በክዳን ይያዛላ!» አለች ኤልፍነሽ፣ ዓይኗን ከትዕግስት ላይ ሳትነቅል።

ቶሎሳ ገጹን ወደ ፊት ገለጠ፤ ወደ ኋላ ገለጠ። «እትዬ... ይሄ እኮ እዚህ የለም። በሩ ሎክ ነው። ማንም አልመጣም።»

የኤልፍነሽ ፊት ጋለ።

«አዎ፣ የለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«አልጨምርም ብለሽ አልነበር?»

«ብዬ ነበር። ግን ስድስት ቤተሰብ አንድ ጣሪያ ሥር እያለ፣ ሴት ብቻዋን ወለደች ብዬ ማውራት አፌ እምቢ አለኝ። የፈለግከውን በለኝ።»

ቶሎሳ ወደ ጋሽ ኃይለማርያም ዞረ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ። «እንግዲያው» አሉ፣ «ያጎደለው ደራሲው ነው።»

ትዕግስት ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰችም ሳቀች። «እሺ እትዬ፣ ታክሲ አልጠራም። ያንቺን በር ነው የማንኳኳው» አለች። ኤልፍነሽ ያን ጊዜ፣ በፈተናው ካለፈችበት ቀን ይልቅ በወደቀችበት ቀን የበለጠ እንደኮራች ገባት። ለቶሎሳም በገዛ እጇ ሻይ ጨመረችለት።

ብዙም ሳይቆይ፣ ሳሙኤል ቴክሳስ ደርሶ ሳለ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት የኤልፍነሽ በር ተንኳኳ። ቶሎሳ ትምህርቱን ትቶ በአንድ በኩል ብቻ በምትከፈት አሮጌ መኪናው ሁለቱን ሆስፒታል አደረሳቸው። ተመልሶም ጋሽ ኃይለማርያምን ሊያመጣ ሄደ። ኤልፍነሽ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ የትዕግስትን እጅ ይዛ ቆየች። ሴት ልጅ ተወለደች። ኤልፍነሽ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ እልልታዋን ስታቀልጠው ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

ኮሪደሩ በጎረቤቶች ሞልቷል። ጋሽ ኃይለማርያም ከረባት አስረዋል፤ እጅጌያቸው ላይ ግን ዱቄት አለ። «ከእናንተ መካከል ቤተሰቧ የትኛው ነው?» ብላ ነርሷ ብትጠይቅ፣ ቶሎሳ ለማሰብ እንኳ ጊዜ ሳይወስድ «ሁላችንም» አላት። ነርሷ አንድ በአንድ አየቻቸውና ራሷን ነቅንቃ በሩን ከፈተችላቸው።

ቶሎሳ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት በሁለት እጁ አቅፎ ገባ። ገንፎውን ያገነፉት ጋሽ ኃይለማርያም ራሳቸው ናቸው፤ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ። እዚህም እዚያም ጓጉሏል።

ቶሎሳ ድስቱን ትዕግስት አጠገብ አስቀምጦ ክዳኑን አነሳ።

«እይው እትዬ» አለ ኤልፍነሽን። «ቅቤው ከመሃሉ ንቅንቅ አላለም።»