ቡፌ ላይ የኖረው ኮራል

እጄ ቲነር ቲነር ይሸታል። ከጠዋት ጀምሮ በጥርስ ብሩሽ ድንጋይ ስፈትግ ነው የዋልኩት።

ማለቴ ኮራል ነው፤ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በየቀዳዳው የኖሩበት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባሕር ኃይል እያለ ከምጽዋ ያመጣው፣ ካዛንቺስ ቤታችን ቡፌ ላይ የኖረ። ሰፈሩ ለልማት ሊፈርስ ነውና ቤቱን ልንለቅ ዕቃ ስናሽግ ዝርያውን ማወቅ አማረኝ።

የባሕር እንስሳት ያጠናች ጓደኛዬ "ቀዳዳዎቹን አቅርበሽ አንሺልኝ። ግድግዳ ይጋራሉ ወይስ ለየራሳቸው አላቸው?" አለችኝ።

የቱ ቀዳዳ? እማዬ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ስታስቀባ የተረፈውን ቀለም የምትጨርሰው እሱ ላይ ነው። በቃ፣ ሊጥ መስሏል።

አመሻሽ ላይ አንድ ጥግ ጠራልኝና ፎቶ ላክሁ። "ይጋራሉ! ፋቪተስ የሚባለው ዝርያ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ ሌላውንም አጽጂው።"

ሌላውንም!

"እማ፣ በአንድ ግድግዳ ነው አሉ የሚኖሩት" አልኳት።

ካርቶኑን ትታ የጓዳውን ግድግዳ አየች። "እንደ እኛና እንደ ዘውዴ በይኛ።" እትዬ ዘውዴን ስትጠራ እንደምታደርገው በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

እነ እትዬ ዘውዴ የወጡት ባለፈው ሳምንት ነው።

ቀሪውን ነገ እፈትጋለሁ። እናንተስ፣ ግድግዳ ትጋሩት የነበረው ጎረቤት አሁን የት ነው?