በነሐሴ ማንጎ

መጀመሪያ ሱቁን ልናገር። ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ፣ ከተከራየሁበት ግቢ ፊት ለፊት ያለ የስልክ ዕቃ መሸጫ ነው። መስታወቱ ላይ የጤና ቁጥጥር ሰዎች የለጠፉት ወረቀት አለ። ሲጋራ ተስሎ በቀይ ተሰርዟል፤ ከሥሩ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ክልክል ነው ይላል። ቬፕ የሚሉት፣ በባትሪ የሚሠራው ጣት የሚያህል ማጨሻ ደግሞ ከነጭራሹ ለማንም አይሸጥም። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቻርጀር ገመዶች ሥር ይቀመጣል። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ባለሱቁ ዕድሜዬን አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ «ሚንት ነው ማንጎ?» ብሎ ነው። ማንጎ አልሁ። «ሲጋራ አይደለም፣ አትስጋ፤ እንፋሎት ነው» አለኝ። እኔ መች ሰጋሁ?

ለምን ጀመርህ ብባል የምመልሰው የለኝም። የክፍሌ ልጆች ይዘው ነበር፣ እኔም ያዝሁ። ደስም አላለኝ፣ አላስጠላኝም። ከወር በኋላ እጄ እኔን ሳያማክር ከኪሴ እያወጣ አፌ ላይ ያደርገው ጀመር።

ታዲያ እኔ ዲያቆን ነበርሁ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ከቁንዝላ አለፍ ብሎ ጣና ዳር ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። ታላቅ እህቴ እዚያው ወንድ ልጅ ወለደችና አርባ ቀኑ ፍልሰታ ላይ ዋለ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፣ ያኑ ዕለት ይቆርባል። ያለ ቅዳሴ ቁርባን የለም፤ ቅዳሴ ደግሞ ሦስት ቄስና ሁለት ዲያቆን ይፈልጋል። በፍልሰታ ሁሉም ደብር በየቀኑ ስለሚቀድስ ትርፍ ዲያቆን አይገኝም፤ እነሱ ካሏቸው ሁለት አንዱን ታይፎይድ ጥሎታል። አባቴ ደወሉልኝ። «አንተ ካልመጣህ አምስት አንሞላም፤ የእህትህ ልጅ ቀኑ ያልፍበታል» አሉኝ። በዋዜማው በጀልባ ሄድሁ።

በፍልሰታ ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ላይ ነው። ቀዳሽ እስከዚያ ውኃም አይቀምስም። ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ሐይቁ ዳር ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። እጄ ኪሴ ገባ። አንድ ሳብሁ፣ ሁለት ሳብሁ። ጾም መሆኔ ትዝ ያለኝ ሦስተኛው ላይ ነው። አልደነገጥሁም። ወደ ኪሴ መለስሁትና ውኃውን ሳይ ቆየሁ።

ልብስ ልለብስ ስሄድ አባቴ የሆነ ነገር ሊነግሩኝ ጠጋ አሉና ቆም አሉ።

«ምን ቀመስህ?»

«ምንም።»

«ማንጎ ማንጎ ትሸታለህ።» ጥቂት አሰቡ። «በነሐሴ ማንጎ ከየት መጣ?»

አውጥቼ ሰጠኋቸው። እያገላበጡ አዩት፤ መጀመሪያ መዝሙር የሚጫንበት ፍላሽ መስሏቸው ነበር። ምን እንደሆነ ነገርኋቸው፤ ባለሱቁ ያለኝንም፣ እንፋሎት ነው የሚለውን ጨምሬ።

«ጣዕም አለው?» አሉኝ።

«አለው።»

«ዕድሜህን ሳይጠይቅ ሸጠልህ?»

«አልጠየቀኝም።»

«ጣዕም ካለው ገድፈሃል ልጄ» አሉኝ። አልተቆጡም፤ መልሰው ሰጡኝ። «ሂድና ጣለው።» ጥያለሁ አልኋቸው። አልጣልሁትም።

ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል። የእህቴ አማቶች ከአንበሳሜ ድረስ መጥተዋል፤ ድግሱ ደርሷል። አባቴ ወጡና «ዛሬ አንቀድስም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። እህቴ ሕፃኑን እንዳቀፈች ቀረበቻቸው።

«ምን አጠፉ አባ?»

«የእኔ ነው አልሁሽ።»

ሰው ሁሉ ቄሱ ረስተው ውኃ ጠጥተዋል ብሎ ደመደመ። እሳቸውም አላስተባበሉም። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። መናገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ አፌ ግን የሌላ ሰው አፍ ሆነብኝ። ዲያቆን ተፈልጎ እስኪገኝ ልጁ በአርባ ሰባት ቀኑ ተጠመቀ። አማቶቿ፣ የቄስ ልጅ ሆና ልጇን በቀኑ ማስጠመቅ ያቃታት እያሉ ስንት ወር አሟት። እሷም አባቴን ቀየመች፤ ሰላም ትላቸዋለች እንጂ እንደ ድሮው እጃቸውን አትስምም። አባቴ ዳግመኛ ቀድስ አላሉኝም። ለጠየቃቸው ሁሉ «እሱ ከተማ ነው» ይላሉ።

አሁን ባሕር ዳር መሥሪያ ቤት ተቀጥሬያለሁ። ሱቁ አንዴ ታሽጎ ነበር፤ በሁለት ሳምንቱ ተከፈተ። ወረቀቱ አሁንም እዚያው ነው፣ ቀዩን ፀሐይ አንጥቶታል። ባለሱቁም ተጠንቅቋል፤ መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጥም፤ በቴሌግራም ታዘዋለህ፣ ባጃጅ በር ድረስ ያመጣልሃል። እኔም አዛለሁ። ማንጎውን።

በዘንድሮው ፍልሰታ አባቴ ቤት ተሰብስበን ከቅዳሴ መልስ ሽሮ እንበላለን። ያ ሕፃን አምስት ዓመቱ ነው፣ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። እህቴ እንደ ልማዷ የዚያን ቀን ነገር አነሳች። «በቀኑ ሳይጠመቅ የቀረው በአባባ ነው» አለች፣ ለልጁ እንደምትተርክለት። አባቴም እንደ ልማዳቸው «አዎ ልጄ፣ በእኔ ነው» አሉ። ልጁ ደረቴን አሸተተኝ።

«እማ፣ አጎቴ ማንጎ ማንጎ ይሸታል።»

እህቴ ሳቀች። «በነሐሴ ማንጎ ከየት መጣ አንተ!»

የአባቴ እጅ ትሪው ላይ ቆመ። እህቴ እጃቸውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ያን ጊዜ ብናገር ያበቃ ነበር። አንድ ቃል ነው።

«ሳሙናው ነው» አሉ አባቴ ቀድመው። «ከተማ እንዲህ ያለ ሳሙና አለ።»

ዕድሜዬን ሙሉ አባቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ያን ዕለት እንኳ ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ እንጂ ውኃ ጠጣሁ አላሉም። አፈርሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ የተሰማኝ ነገር እሱ ብቻ ነው፤ እሱም አልቆየም።

«አዎ፣ ሳሙናው ነው» አልሁ።

«እንግዲያ ስትመለስ ለእኛም አንድ ያዝልን» አለች እህቴ። እሺ አልኋት። ይኸው ባሕር ዳር ያልጠየቅሁት ሱቅ የለም፤ ማንጎ የሚሸት ሳሙና አላገኘሁም።