የጂን-ዬ አምባሳደር

ከገበያው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገዳችን ላይ ቱ ጂን-ዬ አምባሳደር ልታገባ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ ከረመ። ዓሣ ሻጩማ ቀለበቱን በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ምሏል። ውሸት ነው። ጂን-ዬ ማንንም ልታገባ አልነበረም፤ የምታገባው ልጇ ሲን-ሩ ናት። አምባሳደር የተባለው ሰውዬም አምባሳደር አይደለም። ከዚያ ሁሉ ወሬ እውነት ሆኖ የተገኘው ሰርግ መኖሩ ብቻ ነው።

ጂን-ዬ ታይፔ መሃል፣ አንድ ሕንጻ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለ የውጭ አገር «የንግድና የባህል ቢሮ» ታጸዳለች፤ ምሳም ታበስላለች። ያ አገር ከታይዋን ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የለኝም ይላል። ቪዛ ግን ይሰጣል፣ ማሽን ይሸጣል፣ በዓመት በዓሉም ሰው ጠርቶ ያበላል። በሩ ላይ ባንዲራ የለም። የቢሮው ኃላፊ ሚስተር ቬስተር ሥራው ሁሉ የአምባሳደር ነው፤ የጎደለው ስሙ ነው። አንድ ቀን ጂን-ዬ እንግዳ ፊት «አምባሳደሩ ሻይ ይጨመርላቸው?» ብትል፣ ሚስተር ቬስተር ትን ብሎት ሊሞት ነበር።

ሰርጉ ሲቃረብ የሙሽራው እናት ወይዘሮ ፓን የመቀመጫውን ነገር ልትነጋገር መጣች። ወንበሩን ሳትቀመጥበት በመሐረብ ጠረገችው።

«ዘመዴ፣ በኛ በኩል ዋናው ጠረጴዛ ላይ ወንድሜ ይቀመጣል። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው የሚሠራው። በእናንተ በኩልስ ማንን ላስቀምጥ? መጥረጊያ የሚሸጥልሽን ሰውዬ?»

ጂን-ዬ አፏ ቀደማት። «አምባሳደሩን አስቀምጭልኝ።»

«የምን አምባሳደር?»

«የኔን አምባሳደር።»

ወይዘሮ ፓን ከሄደች በኋላ ጂን-ዬ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች። ሰውዬው ካልመጣ ሲን-ሩ አማቷ ቤት ዕድሜዋን በሙሉ ከእራት ጋር ሽሙጥ ልትጎርስ ነው።

በማግስቱ ጠየቀችው።

ሚስተር ቬስተር ከልቡ አዘነ። «ወይዘሮ ቱ፣ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰው አጠገብ አምባሳደር ተብዬ ከተቀመጥኩ በማግስቱ ወደ አገሬ ይጠሩኛል።»

«ታዲያ ምን ተብለው ቢቀመጡ ነው የሚፈቀደው?»

«መንግሥቴ በማያውቀው ስም።»

ጂን-ዬ ዝንጅብሉን እየላጠች አሰበች። ልጆቹ በስልክ ተዋውቀው ቢጋቡም፣ በሰርጉ ቀን ዋናው ጠረጴዛ ላይ ሙሽሮቹን አስተዋወቀ የሚባለው የአማላጁ ወንበር ባዶ አይሆንም። አማላጅ የሌለው ለዕለቱ ይዋሳል፤ ደረቱ ላይ አበባ ይሰካለታል፣ የአበባው ጥብጣብ ላይ «አማላጅ» ተብሎ ይጻፍለታል። አለቀ።

«አማላጅ ይሁኑልኝ!» አለች።

«እኔ እኮ አላስተዋወቅኋቸውም።»

«እርስዎ መቼ ነግደው ያውቃሉ? የንግድ ቢሮ ኃላፊ ተብለው ተቀምጠው የለም እንዴ!»

ሚስተር ቬስተር ወደ አገሩ ደውሎ አስጠየቀ፤ አማላጅነትን የሚከለክል መመሪያ ተፈልጎ ታጣ።

የሰርጉ ዕለት ወይዘሮ ፓን ጥብጣቡን ቀረብ ብላ አነበበችና ፈገግ አለች።

«አማላጅ? አምባሳደር ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ድምፅሽን ዝግ አድርጊ እንጂ ዘመዴ!» አለች ጂን-ዬ ዙሪያዋን እየቃኘች። «ለአገር ጉዳይ ሲባል ተደብቀው ነው።»

የወይዘሮ ፓን ፈገግታ ከንፈሯ ላይ ቀረ። የተደበቀ አምባሳደር ከተራው ሳይበልጥ አይቀርም።

ወንድሟና ሚስተር ቬስተር ጎን ለጎን ተቀመጡ። መጀመሪያ ስለ አየሩ አወሩ። በእንፋሎት የበሰለው ዓሣ ሲመጣ፣ ምርጥ የሚባለውን ጉንጩን አንተ ብላ፣ የለም አንተ ብላ ተባባሉ። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይስቁ ጀመር። ጂን-ዬ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ሲን-ሩ ተርፋለች።

ያኔ ፎቶ አንሺው መጣ። «ዋናው ጠረጴዛ፣ ወደዚህ!»

ሳሎን የሚሰቀለው ፎቶ ይሄ ነው። እናቶቹ ፀጉራቸውን አስተካከሉ። ወንድምየው፣ ይሄ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ይሄን ምስኪን ፈረንጅ ያባርሩብኛል ብሎ አሰበ። ሚስተር ቬስተርም፣ ይሄን ደግ ሰው በኔ ምክንያት ነገ አለቆቹ ያፋጥጡታል ብሎ ሰጋ። አንዱ ለሌላው ሲል፣ ሁለቱም እኩል «ይቅርታ፣ ሽንት ቤት» ብለው ብድግ።

መብራቱ ብልጭ አለ። ፎቶው ላይ ሙሽሮቹ፣ ሁለት እናቶች፣ በእናቶቹ መሃል ሁለት ባዶ ወንበሮች።

ወይዘሮ ፓን ወደ አማላጁ ወንበር እየጠቆመች ልትናገር አፏን ከፈተች። አጠገቡ ያለው ባዶ ወንበር የወንድሟ መሆኑን ስታይ መልሳ ዘጋችው። ለመጀመሪያ ጊዜም ለጂን-ዬ በገዛ እጇ ሻይ ቀዳችላት።

ሁለቱ ሰዎች እየተሳሳቁ፣ ለአንድ የእጅ ማድረቂያ ወረቀት እየተሻሙ ተመለሱ። ጂን-ዬ ሻይዋን ፉት አለች።

«ለፎቶ አብሮ መቀመጥ ክልክል ነው፤ እሺ፣ ይሁን። ሽንት ቤት ጎን ለጎን እንድትቆሙ የፈቀደላችሁ የትኛው መንግሥት ነው?»

ሁለቱም ሾርባ ይቀዱ ጀመር።