የግብጦው እሸት

ማንኩሳ ያለውን ማሳችንን ለመጨረሻ ጊዜ የዘራው ባሌ ነው። መስከረም ላይ ግብጦ ዘራበት፤ ቡቃያውን አየ፤ አበባውን አላየም። ለአርባው ተዝካር ድግስ ከፍኖተ ሰላም ስንመጣ ግብጦው እሸት ይዞ ነበር።

ልጄ ከባሕር ዳር በቡሬ በኩል መጣች፤ በረዶ የሞላ ሳጥን በትከሻዋ አንጠልጥላለች። የምታጠናው ግብጦ በፕሮቲኖቹ ላይ የስኳር ሰንሰለት እንዴት እንደሚሠራ ነው። አባቷ ሲዘራ፣ «የማሳው ጥግ ያንቺ ነው፤ እሸቱን መጥተሽ ትወስጃለሽ» ብሏት ነበር። ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ወደ ማሳው ስታመራ የባሌ ታላቅ እህት ጠላ ከሚጠምቁት ሴቶች መሀል ሆና አየቻት።

«ከብት የማይቀምሰውን እሸት ልትቀጥፊ? ያውም የአባትሽ ተዝካር ሳይወጣ?»

«በረዶው ያልቅብኛል፣ አክስቴ።»

«ሲደርቅ ትወስጃለሻ!»

«ሲደርቅማ ሥራውን ጨርሷል። እኔ የምፈልገው ሲሠራ ነው። ዘንድሮ ካመለጠኝ ትምህርቱን ትቼ መምጣቴ ነው።»

ከዚያ ያዘቀዘቅሁትን ነጠላዬን ዘርፉን ይዛ አሳየቻት።

«ፈትሉን ፕሮቲን ይበሉት። ተክሉ ገና ሲፈትለው አዘጋጅቶ ያቆየውን የስኳር ዘርፍ ያንጠለጥልበታል። ከዚያ በሴሉ ውስጥ ከአንዱ ጓዳ ወደ ሌላው እያሳለፈ ጥቂቱን ይቆርጥለታል፤ ሌላ ይጨምርለታል። ከሚጨምረው ውስጥ የሰው ገላ እንዲህ አድርጎ የማይሰካው ስኳር አለ። ገላችን ሲያገኘው እንግዳ መሆኑን ይለየዋል።»

«ስኳር ካለውማ ምሬቱ እንዲለቅ ቆልተን በጆንያ ወንዝ ውስጥ የምንዘፈዝፈው ሥራ አጥተን ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ።

«መራራው ሌላ ነው፣ አክስቴ። ይሄ ስኳር ለምላስ አይደለም።»

ጭራሽ ሳቁ። እኔ አፈርኩ። በልጄ አፈርኩ። የሐዘን ልብሴ መሳቂያ ሆነ ብዬ ዘርፉን ከእጇ ነጠቅኋት። ቀና ብላ አየችኝ። የአባቷን ቃል እንደምናገርላት ጠብቃ ነበር። እኔ ግን ነጠላዬን አስተካከልኩ። ሳጥኗን አንሥታ ወደ መኪና መንገዱ አቀናች፤ የቀለጠው በረዶ ከኋላዋ ይንጠባጠባል።

ጠብታውን ሳይ ነው አፌ የተከፈተው።

«ጥጉ የእሷ ነው» አልኩ፣ ድምፄ ለራሴም በቅጡ ሳይሰማኝ። «ሲዘራው ሰጥቷታል።»

የባሌ እህት ጠላውን ማማሰሉን ተወችው። «እና እስካሁን ምን ዘጋሽ? በልጅቱ አሳቅሽን እኮ!»

  ልጄን ጠርቼ ቀድሜያት ወደ ማሳው ወረድኩ። ፊቴን ሸፍኜ መቅጠፍ ጀመርኩ፤ ከሴቶቹ ይልቅ የማፍረው ልጄን ነበር።

«ለጋ ለጋውን፣ እማ» አለች፣ ሳታየኝ።

የነጠላዬ ዘርፍ በግብጦው አገዳ ተይዞ አላላውስ አለኝ። ጎንበስ ብላ ፈታችልኝና ወደ እሸቱ ተመለሰች።